ሳይሰማ የተሰጠው ማስተር

የሻረግ ወልደትንሣኤ ሰው የምትንቀው በጆሮዋ ነበር። ሌላው ጫማ አይቶ፣ ኪስ ገምቶ ይንቃል፤ እሷ ግን ጀርባዋን እንደሰጠች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ፣ በሯ ላይ የቆመውን ሰው አተነፋፈሱን ሰምታ ትጨርሰዋለች። ጌጃ ሰፈር ውስጥ እሷ ያልናቀችው ሰው ቢፈለግ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ እሷ ነፍስ ሳታውቅ ሞቷል።

ንቀቱ ከሜዳ የተለቀመ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ በፋይል መደርደሪያ በተጋረደ ክፍል፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ በካሴት የተቀዳ የምስክር ቃል ወደ ወረቀት ስትገለብጥ ኖራለች። እግሯ ሥር ያለውን ፔዳል ስትረግጥ ካሴቱ ይሄዳል፤ ስትለቀው ይቆማል፤ ጣቶቿ በጽሕፈት መኪናው ላይ ቃሉን ይለቅማሉ። ወንድም በወንድሙ ላይ፣ ባል በሚስቱ ላይ፣ የክርስትና ልጅ በክርስትና አባቱ ላይ ሲምልና ሲገዘት ሰምታለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቃሉን መስማት ትታ ከቃሉ በፊት ያለውን መስማት ጀመረች። ውሸታም ከመመለሱ በፊት ይዘገያል፤ ምራቁን ይውጣል፤ ያልተጠየቀውን ይጨምራል። እውነት ተናጋሪውም ቢሆን ይንተባተባል፣ አንዱን ነገር አምስቴ ይደጋግማል፤ ስለዚህ እሱንም ናቀችው።

ቀረጻው ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲዞርና ቃሉ በሲዲ መቀመጥ ሲጀምር፣ ሲዲ በርን ማድረግን፣ ማለትም ባዶ ሲዲ ላይ ድምፅ መጻፍን፣ ከሁሉ ቀድማ የያዘችው እሷ ነበረች። በገዛ ፈቃዷ ሥራ ስትለቅ እንደ እሷ የለቀቁ ባልደረቦቿ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ መጻፍ ያዙ። እሷ ቤቷ ገብታ፣ እናቷ ባወረሰቻት ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን አስቀምጣ፣ ማስተር ሲዲ መሥራት ጀመረች።

ማስተር፣ ለማያውቀው፣ እናት ዲስክ ማለት ነው። ዘፋኙም ሰባኪውም ድምፁን ስቱዲዮ ቀርጾ ሲጨርስ፣ ሥራው በአንድ ሲዲ ላይ ተጽፎ ወደ ማባዣ ድርጅት ይሄዳል። ድርጅቱ ከዚያች ከአንዷ ሺውን ይወልዳል። እናቲቱ ላይ ጉድለት ካለ ሺው ልጅ ከነጉድለቱ ይወለዳል። የሻረግ እንደምትለው ይህን ለመረዳት ሊቅነት አያስፈልግም፤ ዳዊን አለመሆን ብቻ ይበቃል።

ዳዊ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ከአንድ ካፌ በላይ ስቱዲዮ የከፈተ፣ ፀጉሩን በቅባት ያቆመ አራዳ ነው። ያለቀውን አልበም ባገኘው ባዶ ሲዲ ላይ፣ ኮምፒውተሩ በቻለው ፍጥነት ሁሉ፣ ጎን ለጎን ፊልም እያየ ይጽፈው ነበር። ከዚያ የራሱ ፎቶ የታተመበት ስቲከር ከላይ ይለጥፍበታል። አንዴ ስቲከሩ ማባዣው ማሽን ውስጥ ሞቆ ተላጠና ድርጅቱ ማስተሩን ከነደብዳቤው መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቹን ወደ የሻረግ መላክ ጀመረ። ሲልካቸውም፣ ሴትዮዋ ትሰድብሃለች፣ ሥራዋ ግን አይመለስም ይላቸዋል።

ሁለቱም እውነት ነው። የሻረግ የምትሠራው ጠዋት ነው፣ መብራቱ ሳይጨናነቅ። የግቢ ተጋሪዋ ሀሚዳ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁለቱ አንድ ቆጣሪ ስለሚጋሩ የሀሚዳ ካውያ ሲሰካ የየሻረግ አምፖል ይደበዝዛል። ስለዚህ የሻረግ ግድግዳውን ሁለቴ ስታንኳኳ ሀሚዳ ያለ አንድ ቃል ካውያዋን ትነቅላለች። መብራት ቢጠፋ ኮምፒውተሩን ጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪም አለ፤ የሻረግ ግን ሰውን ያላመነች ባትሪ አታምንም። ባዶ ሲዲውን መርካቶ ካለ ዓብዱልሰላም ከሚባል ነጋዴ፣ በየሳጥኑ ነጠላ ነጠላውን የታሸገውን፣ እየመረጠች ታመጣለች። ጠርዙን ብቻ ይዛ ታወጣዋለች። በዝግታ ትጽፈዋለች፤ ከመጀመሪያው ትራክ እስከ መጨረሻው መሣሪያው አንዴም ሳያርፍ፣ በአንድ ትንፋሽ። ሲያልቅ ከላይ ምንም አትለጥፍም። የአልበሙን ስም የምትጽፈው ቀዳዳው ዙሪያ ባለችው ባዶ ቀለበት ላይ፣ ጫፉ ለስላሳ በሆነ ማርከር ነው። ድምፁን የያዘው ስስ ቆዳ ያለው ከላይ፣ ከቀለሙ ሥር መሆኑን ታውቃለች። ሕዝቡ ግን የሥሩን ወፍራም ፕላስቲክ እንደ ዕንቁላል እየተንከባከበ የላዩን በእስክሪፕቶ ይቧጥጠዋል። ይህን ስታስብ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ትሰማዋለች። የተጻፈውን ዲስክ ከኮምፒውተሩ አውጥታ፣ በሌላ አሮጌ ማጫወቻ ላይ፣ ማዳመጫዋን አድርጋ፣ ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ ታደምጣለች። ዘፈኑን ስለምትወደው አይደለም። ዘፋኙ ፍቅሩን ሲያለቅስ እሷ ትናንት የበላውን ከትንፋሹ ትለያለች። ሰባኪው ሲያስለቅስ የት ላይ ውኃ እንደተጎነጨ ታውቃለች። እየናቀች ትሰማለች፣ እየሰማች ትንቃለች፤ ግን ሳትሰማው ከእጇ የወጣ ዲስክ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም አልነበረም።

የባቡሩ መንገድ ሊሠራ ሜክሲኮና ልደታ በተቆፋፈሩበት ዓመት፣ አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ አቧራ ለብሰው ወደ ግቢው ገቡ። የሻረግ ጀርባዋን ሰጥታ ገመድ ትጠቀልል ነበር።

«ወይዘሮ የሻረግ እርስዎ ነዎት?» አሉ።

እጇ ገመዱ ላይ ቆመ። ድምፁን አወቀችው። ፊታቸውን በሕይወቷ አይታው አታውቅም፤ ድምፃቸው ግን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ ነበር።

የቤት ክርክር ነበር። አሰፋሽ የተባለች፣ ማንበብ የማትችል ባሏ የሞተባት ሴት፣ ቤቴን ለማከራየት ብዬ የፈረምኩትን ወረቀት የሽያጭ ውል አድርገው ቀሙኝ ብላ ከሳለች። በውሉ ላይ እማኝ ሆኖ የፈረመው የሰፈሩ አስተማሪ ለምስክርነት ተጠራ። ሴትዮዋ ስትፈርም ቤቱን እየሸጠች መሆኑን ታውቅ ነበር ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ካሴቱ ላይ ዝምታ አለ። ምራቅ ሲዋጥ ይሰማል። ከዚያ «አዎ» አለ። ሳይጠየቅም ጨመረ፦ «እንዲያውም ደስ ብሏቸው ነበር።» ገዢው የአክስቱ ልጅ ነበር። አሰፋሽ ተረታች፤ የአሥር ዓመት ሴት ልጇን ይዛ ከቤቱ ወጣች። የሻረግ ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር ጽፋ፣ ካሴቱን አውጥታ፣ ሌላ ካሴት ከተተች።

ያ አስተማሪ አሁን መምህር በዕውቀቱ የሚባሉ፣ ጡረታ የወጡ፣ ትከሻቸው የወደቀ ሰው ሆነው ፊቷ ቆመዋል። ከመሐረባቸው ውስጥ ፍላሽ አወጡ። ለትውልድ የሚሆን ምክር በድምፃቸው ቀርጸዋል፤ አሥራ አንድ ትራክ ነው፤ ስሙም «ምክር ለትውልድ» ይባላል። አምስት መቶ አስባዝተው ለእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ በነጻ ሊያድሉት ነው።

የሻረግ ፍላሹን ሰክታ የትራኮቹን ርእስ አየች። ሰዓት ስለማክበር። ስለ እጅ ጽሑፍ። ስለ ጥፍር ንጽሕና። የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ያህል አስጮኸችው። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ ልጆቼ ሆይ፣ ሰዓት የማያከብር ሰው አሉ። በቃት። የአንዲትን ሴት ቤት በሁለት ቃል የነጠቀ ሰው ስለ ጥፍር ሊመክር ነው። ከሰማቻቸው ውሸታሞች ሁሉ እንዲህ ያለ ድፍረት አይታ አታውቅም።

መምህሩ የሚሉት የቀራቸው ይመስል በሩ ላይ ቆሙ። «የመጨረሻዋ ላይ ድምፄ ይደክማል። እስከ መጨረሻው ይሰሙልኛል?»

«ሥራዬ ነው» አለቻቸው።

በማግስቱ ያደረገችውን ዳዊም ባላደረገው ነበር። ግድግዳውን አላንኳኳችም፤ ካውያው እንደተሰካ ነው። የዓብዱልሰላምን ሲዲ ለእኚህ ሰው ማባከን ነውር መሰላት፤ ልጆች ፊልም ከሚገለብጡበት፣ እንደ ዳቦ ከተደረደረው ርካሽ ሲዲ አንዱን መዘዘች። ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ከፍታ ለቀቀችው። ሰባ ሦስት ደቂቃ የሚፈጀው ንግግር የቁርሷ ገበታ ሳይነሣ ተጽፎ አለቀ። ማርከሩ ከእጇ ራቅ ስላለ በአጠገቧ የነበረውን እስክሪፕቶ አንሥታ፣ ከላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ «ምክር ለትውልድ» ብላ ጫን አድርጋ ጻፈች። ጠርዙ ደግሞ የመጨረሻው ትራክ ያለበት ነው፤ ሲዲ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ጠርዝ እንደሚጻፍ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሰባ ሦስት ደቂቃ ቁጭ ብላ እኚህን ሰው መስማት ግን አልሆነላትም። በፖስታ ከታ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ፖስታውን ተቀበሉ።

ማባዣው ድርጅት የሰጡትን አባዛ። ሦስት ሳምንት አልፎ የእድሩ ጉባኤ ዕለት መምህር በዕውቀቱ አምስት መቶውን ዲስክ በካርቶን አምጥተው በር ላይ ቆመው አደሉ። ለእያንዳንዱም፣ ሌላውን ባትሰሙት ግድ የለም፣ አሥራ አንደኛውን ግን ስሙልኝ፣ ስለ ወይዘሮ አሰፋሽ ነው አሉ። የሻረግ እድርተኛ ብትሆንም ጉባኤ አትሄድም፤ ሰው በተሰበሰበበት የሚነገረውን በበቂ ሰምታለች። ሀሚዳ ግን ሄዳ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የሻረግ የአንድ ወጣት ዘፋኝ ሥራ እያዘጋጀች ሳለ ከግድግዳው ማዶ የመምህሩ ድምፅ መጣ። ሀሚዳና ደንበኞቿ ዲስኩን ከፍተውት ነበር። የሻረግ ልትሳደብ ስትል የአሰፋሽን ስም ሰማች።

«... ወይዘሮ አሰፋሽ ቤታቸውን በፈቃዳቸው ሸጠዋል ብዬ በፍርድ ቤት የመሰከርኩት እውነት—»

ከዚያ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚበተን ያለ ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ፣ እንደገና ጠጠር፣ እንደገና ዝምታ። እንዲህ ሲል ወደ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ዲስኩ አለቀ።

የሻረግ የዘፋኙን ሥራ አቆመች። ጠጠሩን ታውቀዋለች። የተላጠ ዲስክ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

ሀሚዳ ዘንድ ሄዳ ሰዉ ምን እንዳለ ጠየቀች። ሀሚዳ መርፌዋን ሳታቆም ነገረቻት። ሰፈሩ በሙሉ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ ሰውዬው በስተርጅናው፣ የሞተችውን ሴት ስም አንሥቶ የመሰከርኩት እውነት ነው ብሎ ደገመባት፤ የቀረውን ደግሞ ፈርቶ አጠፋው። የአሰፋሽ ልጅ ነብያት ፍርድ ቤቱ አጠገብ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። እዚያ ድረስ ወስደው አሰሟት። ዲስኩን ሰብራ መምህሩ በር ላይ ጥላው ሄደች።

የሻረግ ቤቷ ተመልሳ የመምህሩን ድምፅ ከኮምፒውተሩ ፈለገች። የደንበኛ ሥራ ወር ሳይሞላው አታጠፋም። አሥራ አንደኛውን ከፍታ ማዳመጫዋን አደረገች።

«... የመሰከርኩት እውነት አልነበረም። ወይዘሮ አሰፋሽ የኪራይ ውል ነው ተብለው ነው የፈረሙት። ያልኳቸውም እኔ ነኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ አመኑኝ። ደስ ብሏቸው ነበር ያልኩትም ውሸት ነው። ያን ዕለት ፊታቸውን አላየሁትም፤ አቀርቅሬ ነበር። ልጃቸው ነብያት ደጅ ሁለቴ ሄጄ በሩ አልተከፈተልኝም፤ መዝጋቷ ልክ ነው። ከዚህ በፊት ያሉትን አሥር ምክሮች የተናገርኩት ይህቺን ለመናገር ድፍረት ስላጣሁ ነው...»

አምስቱንም ደቂቃ ሰማችው። ምራቅ ሲዋጥ ፈለገች፣ ማቅማማት ፈለገች፣ ያልተጠየቀ ጭማሪ ፈለገች። ድምፁ ደካማ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላ የሚያዝ ነገር አላገኘችበትም። ደግማ ሰማችው። አሁንም አጣች። ይህ ደግሞ አናደዳት፤ ንቀቷ እንደ ተባረረ እንግዳ መድረሻ አጥቶ ክፍሉ ውስጥ ዞረ።

ማንም እንደማያውቅ ታውቃለች። መምህሩ ስለ ሲዲ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ማባዣው ላይ ቢላከክ ማንም አይመረምርም። ሰውዬውም ቢሆን የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውሸታም ነበር፤ ለዛሬ ውሸታም ቢባል ምን ቀረበት? ይህን ሁለት ቀን ሙሉ ለራሷ ነገረችው። በሦስተኛው ቀን የገዛ ልብሷን ለማስጠበብ ሀሚዳ ዘንድ ገባችና፣ ልብሱን ስትለካላት ሁሉንም ነገረቻት፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችም።

ሀሚዳ ከአፏ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣች። «እትዬ የሻረግ፣ የናቁት ያስረግዛል ይባላል» አለች። «በዚያ ላይ እኔ ያን ቀን ካውያዬን ልነቅል ስጠብቅ ነበር። አላንኳኩም።»

የመምህር በዕውቀቱ ቤት ከልደታ ማርያም ጀርባ ነው። በራቸው ላይ የተሰበረው ዲስክ ስብርባሪ እንደወደቀ ነበር፤ አላነሡትም። የሻረግን ሲያዩ ወንበር አቀረቡላት። እሷ ሳትቀመጥ ልትናገር ስትጀምር ቀደሟት። ማባዣዎቹን እንደማይወቅሱ፣ እሷንም እንደማይወቅሱ ነገሯት። የጠፋችው አሥራ አንደኛዋ ብቻ መሆኗን ሲያዩ፣ እግዚአብሔር ንስሐዬን አልቀበልም አለ ብለው አምነዋል። ነፍስ አባታቸውንም ሊያስቸግሩ አልፈለጉም።

«እግዚአብሔር አይደለም» አለች የሻረግ። «እኔ ነኝ። በእስክሪፕቶ።»

ሽማግሌው አልገባቸውም። እሷም የትምህርት ቤት ልጅ እንደምታስረዳ፣ ቆዳው የት እንዳለ፣ መጨረሻው ትራክ የት እንደሚጻፍ፣ ምን ዓይነት ሲዲ እንደተጠቀመች፣ እንዴት እንዳስሮጠችው አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሳትሰማው እንደሰጠቻቸው ስትደርስ ድምፅዋ ትንሽ ዘገየ። ለምን ብለው ጠየቁ።

«ስለናቅሁዎት ነው። ያን ቃል ከካሴት ወደ ወረቀት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ‹አዎ› ከማለትዎ በፊት ምራቅዎን ውጠዋል።»

 «ያንን ጽፈውት ነበር?» አሉ መምህሩ።

«ምራቅ መዋጥ አይጻፍም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይቀላት ነበር። ነብያት ዘንድ ሄዳ ይህንኑ እንድትናገርላቸው ብቻ ለመኗት።

የነብያት ሱቅ በፎቶ ኮፒ ማሽንና ተራ በሚጠብቁ ባለጉዳዮች የታጨቀ ነው። የሻረግ በሌላ ቀን ቢሆን በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ያለውን የፊደል ስሕተት ቆጥራ ነበር የምትገባው። ነብያት ወደ ሠላሳ የምትጠጋ፣ ፈጣን፣ ፈገግታ የማታባክን ሴት ናት። የሻረግ ስለ ዲስኩ መሆኑን ስትነግራት፣ ያ ሰውዬ ነው የላከዎት ብላ ፊቷን አዞረች። የሻረግ ግን እዚያው ባለጉዳዮቹ መሐል ቆማ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ተናገረች። ፍላሹንም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት።

ነብያት ማዳመጫ ሰክታ ሰማች። ፊቷ አልተለወጠም። አንዴ ብቻ፣ የእናቷ ስም ላይ ሳይሆን አይቀርም፣ መለሰችና ደግማ ሰማችው። ከዚያ ማዳመጫውን አወለቀች።

«ያኔ ፍርድ ቤት የተናገረውን እርስዎ ሰምተዋል ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ውሸት መሆኑን አውቀዋል?»

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

 ሃያ ሁለት ዓመት ውሸታም ስትቆጥር፣ ቆጥራም ስትንቅ፣ ይህን የጠየቃት ሰው የለም። ራሷም አልጠየቀችም። ከክፍሉ ወጥቶ፣ ኮሪደሩን አልፎ፣ አንድ በር አንኳኩቶ እዚህ ላይ ነገር አለ ማለት ይቻል እንደነበር፣ ሰሚ ባይገኝም ማለት ይቻል እንደነበር፣ አሁን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ እየጮኸ ገባት።

«ጻፍኩት» አለች።

«እሱስ ቢዘገይም ተናገረ» አለች ነብያት። በድምፅዋ ውስጥ ያለውን ነገር የሻረግ ወዲያው ለየችው። ዕድሜ ልኳን በሌላው ላይ ስታፈሰው የኖረችው ነው፤ በእሷ ላይ ሲፈስ የመጀመሪያው ነበር።

ሁሉንም ዲስክ ደግማ በራሷ ወጪ እንደምታሠራ ልትነግራት ስትል ነብያት አቋረጠቻት። ዲስክ አልፈልግም አለች። እናቷ ስትረታ በሰው ፊት ነው የተረታችው፤ ሰውዬው በሰው ፊት ቆሞ በአፉ ይናገር። ዳግመኛም የሚሰበር፣ የሚጠፋ፣ የሚላጥ ነገር እንዳይሆን፣ እርስዎ እዚያው ተገኝተው ይቅዱት። ይህን ብላ ወደ ቀጣዩ ባለጉዳይ ዞረች።

የእድሩ ዳኞች ለመምህሩ ሲሉ ልዩ ስብሰባ ጠሩ። የሻረግ ከስንት ዓመት በኋላ ድንኳኑ ሥር ገባች፤ ማይክራፎኗን ከፊት ወንበር ላይ አስራ ማዳመጫዋን አደረገች። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት፤ ዲስኩን ያበላሸችው እሷ መሆኗን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ተቀመጠች። ከኋላ የሚስቅ ነበር፤ የሚያጉረመርምም ነበር። ሰፈሩ ይህን ቀን ሲጠብቅ ኖሮ ነበር፤ የሳቁን ምንነት ለማወቅ ጆሮ አላስፈለጋትም።

ከዚያ መምህር በዕውቀቱ ተነሡ። ወረቀት አልያዙም። አሥሩን ምክር ዘለው በቀጥታ ወደ አሥራ አንደኛው ገቡ። በስቱዲዮው ውስጥ እንዳሉት አላማረላቸውም። ሁለቴ ሳላቸው፤ አንዴ ጠፋባቸውና ቆሙ። ከውጭ የመንገድ ቆፋሪው መኪና ያጓራል፣ ወንበር ይንኮሻኮሻል፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። «ዋሽቼ ነበር» ሲሉ ግን በመላው ድንኳን ውስጥ የተሰማው ያ ብቻ ነበር። ነብያት ከኋላ ረድፍ ቆማ ሰማች። ሲጨርሱ መምህሩ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመዱ። እሷ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጥታ ወጣች። እጅ አልተጨባበጡም፣ አልተሳሳሙም። የአሰፋሽ ቤትም ቢሆን ከሰፈሩ ግማሽ ጋር ፈርሶ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፤ የሚመለስ ቤት አልነበረም።

የሻረግ ከዚያ ቅጂ አዲስ ማስተር ሠራች። ግድግዳውን አንኳኳች፤ ሀሚዳ ካውያዋን ነቀለች። የዓብዱልሰላምን ሲዲ ከሳጥኑ አወጣች፣ በዝግታ ጻፈች፣ ከላይ ምንም አልነካችም። ሦስቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማችው፤ አንዱን ለምርመራ፣ ሁለቱን ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። በሕይወቷ እንዲህ ያለ የቆሸሸ ድምፅ ማስተር ላይ ጽፋ አታውቅም፤ አንድ ሰከንድ አልቆረጠችለትም። የተባዛው ሲመጣ ነብያት ሁለት ወሰደች። አንዱን ከእናቷ የፍርድ ግልባጭ ጋር በመሳቢያዋ ቆለፈችበት፤ አንዱን ሐዋሳ ላለች አክስቷ ላከች። መምህሩ የቀረውን በየቤቱ ራሳቸው አደረሱ፤ ያልተቀበላቸውም ነበር።

የሻረግ ለውጥ ታየባት የሚል ካለ ዋሽቷል። ዘፋኞቹን እንደናቀች ናት፣ ሰባኪዎቹንም። ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ካሉት የድሮ ባልደረቦቿ ጋር አሁንም አትነጋገርም። ሰዉ ግን ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ስትሰድበው እንደ ድሮው አይደነግጥም፤ ይህ ይከነክናታል።

አንድ ቀን ዳዊ ደንበኛ ይዞ መጥቶ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የእድሩን ዲስክ አይቶ፣ ሰምቼዋለሁ አለ። ድምፁ በጣም ቆሻሻ መሆኑን፣ እሱ ግን ጥሩ ፕሮግራም እንዳለው አጫወታት።

«እትዬ፣ ካልከበድኩዎት ሳሉንና የሕፃኑን ልቅሶ ላጥፋልዎት። ንጹሕ ይሆናል» አላት።

የሻረግ ማዳመጫዋን ከአንገቷ አውልቃ፣ ከፀጉሩ ጀምራ እስከ ጫማው ድረስ አየችው። ከዚያ ያመጣውን ደንበኛ ብቻ ለይታ እንዲቀመጥ ነገረችውና፣ ደንበኛው የሰጣትን ፍላሽ ሰክታ መስማት ጀመረች።